አይዞሽ የሚል ፖስታ

ክሊኒኩ ውስጥ እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው የሰው ኃይል ሠራተኛው ብቻ ነበር፤ እሱም ቢሆን ፋይሏን ካላወጣ አያስታውሰውም። ሌላው ሁሉ «አይዞሽ» ነው የሚላት። ከጥበቃው እስከ ዋናው ሐኪም፣ «አይዞሽ ገባች?»፣ «አይዞሽን ጥሩልኝ»፣ «ይሄን ለአይዞሽ አድርሺልኝ» ሲሉ ይውላሉ። ስሙን ያወጣላት ሥራዋ ነው። ደም ቀጂ ነበረች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ክንድ ማሳረፊያ ካለው አንድ ወንበርና ከአንድ የቱቦ መደርደሪያ ጋር፣ የሰው ክንድ ስታስርና ስትፈታ ኖራለች። መርፌውን ከማስገባቷ በፊት ሁልጊዜ አንድ ቃል ትላለች። ለሴቷ አይዞሽ፣ ለወንዱ አይዞህ፣ ለአዛውንቱ አይዞዎት።

ቃሉን ደግሞ ለአፍ ያህል አይደለም የምትለው። በር የሚሞላ ጎረምሳ መርፌ ሲያይ ላብ በላብ ሆኖ «ነገ ብመጣስ?» ሲላት እንኳ አትስቅበትም። «አይዞህ፣ ወደዚያ ዞር በልና ስለ እናትህ አውራኝ» ትለዋለች። እሱ ስለ እናቱ ሲያወራ ቱቦው ይሞላል። «ጨረስሽ እንዴ?» ይላል ዓይኑን አፍጦ። እጇ ቀላል ነው ተብሎ ከሌላ ሰፈር ድረስ እሷን ብለው የሚመጡ ነበሩ።

ይህቺው ሴት ለራሷ ስትሆን ግን፣ ወይ ጉድ! ለጠላት የማይባል ነገር ነበር ለራሷ የምትለው። አንዲት ታካሚ ቱቦ ጥላ ብትሰብር «ምን አለበት፣ ዕቃ አይደል፣ እግርሽን እንዳይቆርጥሽ ብቻ» ትላለች። ራሷ ከሰበረች ግን ጎንበስ ብላ ስባሪውን እየለቀመች፣ «አንቺ ገልቱ! አንቺ እንከፍ! ዕድሜ ልክሽን አንድ ነገር በወጉ ላትይዢ!» ትላለች በሆዷ። ጠዋት መስታወት ፊት «ይሄን ፊት ይዘሽ»፣ ማታ አልጋዋ ላይ «ዛሬም ያንን ሰውዬ ሁለቴ ወጋሽው አይደል?»። ስድቡ ከመልመዷ የተነሳ ስድብ መሆኑንም ረስታዋለች። የራሷ ሐሳብ ይመስላት ነበር።

አንድ እሑድ ጠዋት ገላዋን ስትታጠብ ግራ ጡቷ ላይ፣ በብብቷ በኩል፣ ሽምብራ የምታህል ነገር ጣቷን ያዛት። አሁን እስቲ እናንተ ፍረዱ። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲያገኝ ይደነግጣል፣ ያለቅሳል፣ ሰው ይጠራል። እሷ ግን መጀመሪያ የመጣላት ቁጣ ነበር። «የቀረሽ እሱ ነበር! አሁን ደግሞ ሰው ማስቸገር አማረሽ!» ብላ ውኃውን ዘጋችና ፎጣዋን አነሳች። ምን ሊሆን እንደሚችል ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። የስንቱን ደም ቀድታ፣ ስንቱን አባብላ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ሸኝታለች። ቢሆንም መጀመሪያ የታላቅ እህቷ የዓይን ቀዶ ሕክምና መጣ፣ እሱ ሲያልፍ የሥራ ባልደረባዋ ወለደችና የእሷን ተራ ሸፈነች፣ ከዚያ ወንድሟ ትዳሩ ፈርሶ ልጆቹን ይዞ እሷ ዘንድ ከረመ። አራት ወር እንዲሁ ሄደ።

በአራተኛው ወር ክሊኒኩ ለሠራተኞቹ የአንድ ቀን ሥልጠና አዘጋጀ። አሠልጣኟ ዝግ ብላ የምትናገር፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሰች ሴት ነበረች። «እናንተ ቀኑን ሙሉ ለሰው ታዝናላችሁ፤ ለራሳችሁስ?» አለች። «ለታካሚ የምትሉትን ደግ ቃል ለራሳችሁ በሉ። በቀን አንዴ። መስታወት ፊት ቆማችሁ፣ ጮክ ብላችሁ።»

አይዞሽ እጇን አወጣች። የልቧን ነበር የጠየቀችው፣ ለቀልድ አልነበረም። «ይቅርታ፣ እኔ የምለው ቃል አንድ ብቻ ነው። እሱን ለራሴ እንዴት ብዬ ነው የምለው? አይዞኝ ይባላል እንዴ?»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። የላብራቶሪው ኃላፊ፣ ተረበኛው፣ «አይዞኝ! አይዞኝ!» እያለ ደረቱን መታ። አሠልጣኟም ሳቀች፣ ቀጥሎ ግን አሰበችበት። «እውነትሽን ነው፣ አይባልም» አለች። «ቋንቋው ቃሉን ለሌላ ሰው ብቻ ነው የሠራው። እንግዲያው እንደ ሌላ ሰው ቁጠሪያትና አይዞሽ በያት።»

«ማንን?»

«አንቺን።»

በማግስቱ በምሳ ሰዓት የሠራተኞች መጸዳጃ ቤት ገብታ በሩን ቆለፈች። መስታወቱ ፊት ቆመች። አንገቷን አቀና አደረገችና «አይዞ…» ብላ ስትጀምር በሩ ተንኳኳ። የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ ነበረች፣ ባልንጀራዋ፣ አብረው ምሳ የሚበሉት። «ምን ትሠሪያለሽ ሰዓት ሙሉ? ልጅ ልትወልጂ ነው?» አለቻት። እየተሳሳቁ ወጡ። አይዞሽ ከዚያ ወዲያ አልሞከረችውም። ጅል ጅል ይላል አለች።

ከሥልጠናው አንድ ነገር ግን ተርፏት ነበር። በሳምንቱ ዶክተሩን ኮሪደር ላይ ይዛ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ «ዶክተር፣ ይቅርታ፣ ጊዜ ካለዎት፣ ብዙም ነገር አይደለም…» አለችው። ዶክተሩ በእጁ እንደዳሰሰ ፊቱ ተለወጠ። «አሁኑኑ በመርፌ ናሙና እንውሰድ» አላት። ካርድ ይውጣ ሲባል እሷ ናት ያልፈለገችው። ሠልፉ ረጅም ነው፣ ታካሚ እየጠበቀ ነው፣ እኔ እኮ የቤት ሰው ነኝ አለች። እዚያ ክሊኒክ ሠራተኛ ሲታመም እንዲያ ነበር ልማዱ፤ ያለ ካርድ፣ በምሳ ሰዓት፣ በጓዳ በኩል ይታያል። እንደ ውለታም ይቆጠር ነበር።

ናሙናው ወደ ውጭ ላብራቶሪ መላክ ነበረበት። ኃላፊው ቅጹን ሲሞላ መልእክተኛው መኪናውን አስነስቶ ጥሩምባ እየነፋ ነው። ስም በሚለው ቦታ ላይ «አይዞሽ» ብሎ ጻፈ። የአባት ስም የለ፣ የካርድ ቁጥር የለ፣ ስልክ የለ። ክፋት አልነበረበትም። ሰውዬው ሌላ ስም እንዳላት አንድ ቀንም ትዝ ብሎት አያውቅም።

ውጤቱ በአሥር ቀን ይመጣል ተባለ። በሁለተኛው ሳምንት ዶክተሩ ሌላ ቦታ ሥራ አግኝቶ ሄደ። በዚያው ሳምንት የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ እናቷ ሞቱባት። አምስት ቀን ቀርታ ስትመለስ ዓይኗ አብጦ፣ ድምፅዋ ተዘግቶ ነበር። አይዞሽ ከሥሯ አልጠፋችም። «አይዞሽ እህቴ፣ አይዞሽ» እያለች ዶሴ ትደረድርላታለች፣ ምሳዋን ከቤት ሠርታ ጠረጴዛዋ ላይ ታስቀምጥላታለች። አንድ ቀን ሴትዮዋ እጇን ያዘችና «ላስቀመጥሽልኝ ነገር እግዜር ይስጥልኝ፣ አንጀቴን ነው የበላሽው» አለቻት። «ኧረ ተይ እባክሽ፣ እሱም ነገር ሆኖ!» አለች አይዞሽ። ምሳው መስሏት ነበር።

የራሷን ውጤት ጠበቀች። አሥር ቀን፣ ሃያ ቀን፣ አንድ ወር። አልጠየቀችም።

እዚህ ላይ ነው እኔን የሚያበግነኝ! የማታውቃት ሴት ውጤት ሁለት ቀን ቢዘገይ ስልኩን የምታጋይ ሰው ነበረች። «ሴትዮዋ እኮ እንቅልፍ የላትም፣ እናንተ ሰው አይደላችሁም?» ብላ በውጭው ላብራቶሪ ሰዎች ላይ ስትጮህ ኮሪደሩ ይሰማል። ለራሷ ግን አፏ ተያዘ። «ክፉ ነገር ቢኖር ኖሮ ይነግሩኝ ነበር» አለች መጀመሪያ። ቀጥሎ፣ «ያለ ካርድ በይሉኝታ የተሠራልኝን ነገር የት ደረሰ ብዬ ልጨቃጨቅ? ዓይን አውጣ አይሉኝም?» አለች። ሽምብራ የነበረው እብጠት እንደ እንቁላል አስኳል ሲያህል በዚያ በኩል መተኛት ተወች። ወገቧን ሲይዛት «አርጅተሻል፣ ደግሞ ይቺን ለምታህል ሥራ!» ብላ ተሳደበች። በቀን አርባ ሰው አይዞሽ፣ አይዞህ ስትል ትውልና ቤቷ ስትገባ ለራሷ የሚተርፋት ስድብ ብቻ ነበር። ሰባት ወር!

በሰባተኛው ወር፣ አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ የደም መቅጃውን በር ሳታንኳኳ ከፈተች። ፊቷ ዐመድ መስሏል። በእጇ አንድ የተከፈተ ፖስታ ይዛለች። ወንበሩ ላይ አንድ ሾፌር እጅጌውን ሰብስቦ ተቀምጦ ነበር።

«ቆይ፣ ልጨርስለት» አለች አይዞሽ። «አይዞህ፣ ጨርሰናል… ይኸው። ጥጡን ጫን አድርገህ ያዘው።»

ሾፌሩ ሲወጣ ሴትዮዋ በሩን ዘጋችና በጀርባዋ ተደገፈችው። ፖስታውን ዘረጋችላት። ላዩ ላይ፣ በትልቁ፣ በማሽን የተጻፈ አንድ ቃል ነበር፤ አይዞሽ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከውጭ የሚመጣ ውጤት ሁሉ መጀመሪያ ካርድ ክፍል ነው የሚደርሰው። ሴትዮዋ ከለቅሶ ስትመለስ ጠረጴዛዋ ላይ የተቆለለ ወረቀት ጠበቃት። ከመካከሉ አንድ ፖስታ፣ የላከው ያልተጻፈበት፣ ካርድ ቁጥር የሌለው፣ የሰው ስም የሌለው፣ «አይዞሽ» ብቻ የሚል። ሌላ ምን ታስብ? በዚያ ሳምንት ያገኛት ሁሉ የሚላት እሱን ነው። ባልንጀራዬ ናት፣ የማጽናኛ ደብዳቤ ጽፋልኝ ነው ብላ አቀፈችው። ከፍታ ብታነበው የምትፈርስ መሰላት። ቤቷ ወስዳ ከእናቷ መነጽርና መታወቂያ ጋር አንድ ሣጥን ውስጥ ከተተችው፣ ልቤ ሲጠና አነበዋለሁ ብላ። ልቧ እስኪጠና ሰባት ወር ፈጀ። ዛሬ ጠዋት ሣጥኑን ከፈተችና መጀመሪያ ያነሳችው እሱን ነበር።

አይዞሽ ወረቀቱን አወጣች። እንዲህ ያለ ወረቀት ገልብጣም ብትይዘው ታነበዋለች። አንድ መስመር በቂዋ ነበር። ከዚያ ቀኑን አየች። ክው አለች። መደርደሪያውን ያዘች፣ ባዶዎቹ ቱቦዎች ተንኳኩ።

«ገደልኩሽ» አለች ባልንጀራዋ። የታካሚው ወንበር ላይ ዘጭ ብላ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። «በገዛ እጄ ገደልኩሽ! ካንቺ መስሎኝ ነው እኮ! አይዞሽ የምትይኝ አንቺ አይደለሽ? በሣጥን ቆልፌ! ምነው እጄን በቆረጠው!»

አይዞሽ አጠገቧ ሄደች። ሃያ ሁለት ዓመት የለመደው እጇ ሳይታዘዝ የሴትዮዋ ትከሻ ላይ አረፈ። «አይዞሽ» አለቻት። «አይዞሽ እህቴ። አንቺ ምን ታውቂያለሽ።»

«አትበይኝ!» ብላ ጮኸች ሴትዮዋ። «በእናትሽ አሁን እንኳ እኔን አይዞሽ አትበይኝ! ለምን አልጠየቅሽኝም? እዚያው ግድግዳ ለግድግዳ ተቀምጠን! አንዲት ቀን ‹ውጤቴ መጥቷል ወይ› ብትይኝ?»

ይኼኔ አይዞሽን በሆዷ የሚሰድባት ድምፅ ተነሳ። እውነቷን ነው፤ አፍ አልነበረሽም? ድሮስ ካንቺ ምን ይጠበቃል? ለሰው ሲሆን ምላስሽ ይረዝማል። አንቺ ደደብ፣ አንቺ ራስሽን የበላሽ። በር ተንኳኳ፤ ቀጣዩ ታካሚ ነበር። አይዞሽ ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችና እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ደም ስትቀዳ ዋለች። ይህን ለሰው ስነግር የሚያምነኝ የለም።

ወደ ትልቁ ሆስፒታል የወሰደቻት ታላቅ እህቷ ናት። እህትየው ነገረኛ ናት፣ ምላሷ የሚፋጅ፣ ለታናሿ ግን ነፍሷን አትሰስትም። ሁለት ሳምንት ከክፍል ክፍል፣ ከማሽን ማሽን ተንከራተቱ። በመጨረሻ ሐኪሙ ፎቶውን መብራቱ ላይ ሰቅሎ አሳያቸው። ጀርባ አጥንቷ ላይ ነጠብጣብ ነበር፣ ከሦስት ቦታ በላይ። «ምነው እስካሁን?» አለ ሐኪሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ሥራ በዝቶብኝ» አለች።

ሐኪሙ መድኃኒት ይጀመራል አለ። ያድናል አላለም። «ያቆይሻል» ነው ያለው፤ «ስንት?» ብትለው «እሱን አሁን አንናገር» አላት። ይህን አነጋገር ታውቀዋለች። ስንቱ ከዚህ ክፍል ወጥቶ እሷ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ትርጉሙን ጠይቋታል።

ግቢው ውስጥ አንድ የሲሚንቶ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። እህትየው የያዘችውን መሐረብ ደጋግማ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች። ድንገት ፈነዳች። «ምን ዓይነት ጨካኝ ነሽ አንቺ? አንጀት የለሽም?»

አይዞሽ ግራ ገባት። «እኔ? እኔ በሰው ላይ ጨክኜ አላውቅም።»

«አንቺስ ሰው አይደለሽም?»

እህቷ ደረቷ ላይ ተደፍታ ስትነፋረቅ፣ አይዞሽ የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ መጥቶ ቆመ። ለማን እንደሚባል ጠፋባት። ዕድሜዋን በሙሉ፣ ሆስፒታል ወንበር ላይ ብቻዋን ተቀምጣ የምትንቀጠቀጥ አንዲት ሴት ነበረች፣ ክንዷን ዘርግታ የምትጠብቅ። እሷም በአጠገቧ ባለፈች ቁጥር ስትሰድባት ኖራለች። ያቺ ሴት ራሷ ነበረች፤ አሁን ልትሞት ነው። አንድ ቀን እንኳ ሳያዝኑላት ልትሞት ነው። አይዞሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሷ አለቀሰች። በሆነ እብጠት ሰበብ፣ በሆነ ፎቶ ሰበብ አይደለም፤ ለሴትዮዋ አዘነችላት። ልቅሶው አላቀለላትም። የሄደው ሰባት ወር የሄደ ነው፣ ከዚያ በፊት ያለው አርባ ስምንት ዓመትም እንደዚያው።

መድኃኒቱ በሚጀመርበት ቀን ጠዋት የደም ምርመራ አዘዙላት። ካርድ መስኮቱ ጋ ሠልፍ ነበር። ተሰለፈች። «የቤት ሰው ነኝ» የምትልበት ቦታ አይደለም፤ ብትችልም አትልም ነበር። ተራዋ ሲደርስ ከመስታወቱ ኋላ ያለው ሰውዬ ቀና ሳይል «ስም?» አላት። ስሟን ከነአባቷ፣ ከነአያቷ ነገረችው። ፊደል እንዳይስት ጎንበስ ብላ አየች። አንዱን ሲያሳስት አስቆመችና አሳረመችው።

ደም መቅጃው የእሷን ክፍል ይመስል ነበር፤ ወንበሩ፣ መደርደሪያው፣ የአልኮሉ ሽታ ሳይቀር። በዚያኛው በኩል ቆማ እንጂ በዚህኛው ተቀምጣ አታውቅም። ደም ቀጂዋ የደከማት ሴት ናት፣ ከዓይኗ ሥር ጠቁሯል። ላስቲኩን ዝቅ አድርጋ አሰረችው። አይዞሽ ቦታው እንዳልሆነ አየች። አንዴ ወጋቻት፤ ደም ሥሩ ሸሸ። ሁለተኛ ወጋቻት፤ የለም። ሴትዮዋ መርፌውን አወጣች። «ይቅርታ እናቴ፣ ደም ሥርዎ ተደብቆ ነው» አለች።

አይዞሽን የሚሰድባት የሆዷ ድምፅ ወዲያው ደረሰ። ደም ሥርሽ እንኳ ለሰው አይመች። አንቺ እኮ መቼም… እዚያ ላይ ያዘችው። ሃያ ሁለት ዓመት ይህን ለመሰለ ክንድ ምን ስትል እንደነበር ትዝ አላት። ክንዷን አየችው። ቀጭኗል፣ ሁለት ቦታ ደም አዝሏል፣ ያሳዝናል።

«አይዞሽ» አለች፣ ድምፅ አውጥታ።

ደም ቀጂዋ እፎይ ብላ ፈገግ አለች፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «አመሰግናለሁ እናቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ሳይነጋ የጀመርኩ ነኝ፤ ከጠዋት ጀምሮ እንዲህ ያለኝ ሰው የለም።»

አይዞሽ ልትተወው ነበር። ይሁን፣ ትውሰደው፣ ደክሟታል፣ እኔ ምን አደርግበታለሁ ልትል ነበር። ፖስታውን አስታወሰች፤ ያም አይዞሽ የእሷ ሆኖ ሌላ ሰው ነበር የወሰደው። ግራ እጇን የቀኝ ክንዷ ላይ፣ የተወጋው ቦታ ላይ አሳረፈች።

«ላንቺ አይደለም የኔ ልጅ፣ እንዳትቀየሚኝ» አለች። «ለኔ ነው።»